መውደቅን አስቦ የተሠራ አውሮፕላን

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጦር አውሮፕላኖች ነው። ስለ መሣሪያቸው ወይም ስለ ፍጥነታቸው ግን አናወራም፤ ተመትተው ወይም ተበላሽተው በግድ መሬት ሲወርዱ በውስጣቸው ያለው ሰው በምን እንደሚተርፍ እንነጋገራለን። አንድ አውሮፕላን ጎማው አልወርድ ብሎት በሆዱ አርፎ ሰዎቹ በሕይወት ወጡ ሲባል ስንሰማ «እግዜር አተረፋቸው» እንላለን፤ ቀጥለን አብራሪውን እናመሰግናለን። ሁለቱንም ለመካድ አልተነሣሁም። ነገር ግን ሁልጊዜ ስሙ ሳይነሣ የሚቀር አንድ ሌላ ሰው አለ። እሱም አደጋው ከመድረሱ አሥር ወይም ሃያ ዓመት ቀድሞ በንድፍ ወረቀት ላይ አጎንብሶ «ይህ አውሮፕላን አንድ ቀን ይወድቃል፤ ያን ቀን መሬት ቀድሞ የሚነካው የቱ ነው? የሚሰበረውስ? የሚቃጠለውስ?» ብሎ ራሱን የጠየቀው መሐንዲስ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች። በአደጋ ጊዜ የሚተርፈውና የሚሞተው ሰው በአብዛኛው የሚለየው አውሮፕላኑ ገና ሳይሠራ፣ በንድፉ ላይ ነው፤ ዛሬ ላስረዳ የምሞክረውም ይህንኑ ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ፣ አውሮፕላን ሲወድቅ ሰውን የሚገድለው ምንድን ነው? ፍጥነት ብቻውን አይገድልም፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ሻይ የሚጠጡ መንገደኞች አሉ። የሚገድለው ያ ፍጥነት በጣም አጭር በሆነ ርቀት ውስጥ ሲያልቅ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር መሬት የነካ አውሮፕላን 500 ሜትር ተንሸራቶ ቢቆም በውስጡ ያለው ሰው የሚሰማው ግፊት የገዛ ክብደቱን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ያው አውሮፕላን አፍንጫው አፈር ውስጥ ተሰክቶ በ5 ሜትር ቢቆም ግን ግፊቱ ከሰውየው ክብደት 30 እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ሁሉ ከርቀቱ የመጣ ነው። ስለዚህ ነዳፊው ሁለት ሥራ አለበት፤ አውሮፕላኑ እንዳይሰካ፣ እንዲንሸራተት ማድረግ፤ የማይቀረውን ግጭት ደግሞ ሰውየው ጋ ከመድረሱ በፊት ሌላ ነገር ተሰብሮ፣ ተጨማዶ እንዲቀበልለት ማድረግ።

የሰው አካል ምን ያህል እንደሚችል ማወቅም ግድ ነበር። ለረጅም ጊዜ አብራሪ ከክብደቱ 18 እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ካገኘው አይተርፍም ተብሎ ይታመን ነበር፤ እንዲህ ከታመነ ደግሞ ጠንካራ መቀመጫና ቀበቶ መሥራት ትርፉ ድካም ነው። ይህን እምነት ያፈረሰው ጆን ፖል ስታፕ የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነው። ስታፕ በታኅሣሥ 10 ቀን 1954 በኒው ሜክሲኮ በረሃ በሮኬት በሚገፋ የሐዲድ ላይ መንሸራተቻ ተቀምጦ በሰዓት ወደ 1,017 ኪሎ ሜትር ከተወነጨፈ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆመ። ያገኘው ግፊት ከክብደቱ 46 እጥፍ በላይ ነበር። ዐይኑ ደም ለብሶ ለጊዜው ማየት ተሳነው እንጂ አልሞተም፤ 89 ዓመት ሞልቶት ነው ያረፈው። ከእሱም በፊት ሂዩ ዴሄቨን የሚባል ሰው ነበር። በ1917 የበረራ ተማሪ ሳለ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ሆድ ዕቃው ክፉኛ ቢጎዳም ተረፈ። ኋላ ሲመረምረው የጎዳው ውድቀቱ ራሱ ሳይሆን የቀበቶው መቆለፊያ ሆዱ ላይ መሰካቱ መሆኑን ተረዳ። በ1942 ከ15 እስከ 45 ሜትር ከፍታ ካላቸው ቦታዎች ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ታሪክ ሰብስቦ፣ በምን ላይ እንደወደቁና ያረፉበት ነገር ምን ያህል እንደጎደጎደ እያነጻጸረ ጥናት አወጣ። ዕቃ ሲላክ እንዳይሰበር እንደምናሽገው ሁሉ ሰውም በአግባቡ ከታሸገ ይተርፋል የሚለው ሐሳቡ የዛሬው የአውሮፕላንም የመኪናም ደኅንነት መሠረት ነው።

አሁን ወደ አውሮፕላኖቹ እንምጣ፤ ከጎማ እንጀምር። አውሮፕላን ሲበር ጎማውን ወደ ውስጥ የሚያጥፈው ነፋሱ እንዳይጎትተው ነው። ከነፋሱ አንጻር ብቻ ቢታይ ጎማው ሙሉ በሙሉ ገብቶ በክዳን ቢሸፈን ይመረጣል። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩትን ታዋቂ አውሮፕላኖች ፎቶ ስታዩ የታጠፈው ጎማ በከፊል ወጥቶ ይታያል። የአሜሪካው ቦምብ ጣይ ቢ-17 እንዲህ ነው፤ ከ36 ሺህ በላይ የተመረተው የሶቪየቱ ኢል-2 እንዲህ ነው፤ ዲሲ-3 በሚል ስሙ የሚታወቀው የጭነት አውሮፕላን ሲ-47ም እንዲህ ነው። ለሲ-47 እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለንም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከጦርነቱ በተረፈ በዚሁ አውሮፕላን ነበር። ጎማው አልዘረጋ ቢል አውሮፕላኑ በዚያ በወጣው ግማሽ ጎማ ላይ ያርፋል፤ ከሆዱ ይልቅ ጎማው ቀድሞ መሬት ይነካል፣ ይሽከረከራል፣ ይንሸራተታል። የጠፋው ጥቂት ፍጥነት ነው፤ የተገኘው ደግሞ ተጠግኖ እንደገና የሚበር አውሮፕላንና በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄድ አብራሪ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከጫፍ የደረሰው ግን በ1972 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረው ኤ-10 በተባለው የአሜሪካ የምድር ጦር አጋዥ አውሮፕላን ላይ ይመስለኛል። ውበት የለውም፤ ፍጥነትም የለውም። እያንዳንዱ ክፍሉ ግን «ብመታስ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጎማዎቹ ሲታጠፉ በከፊል ወጥተው ይቀራሉ። የሚታጠፉት ደግሞ ወደፊት ነው፤ ስለዚህ ጎማውን የሚገፋው ኃይል ቢቋረጥ አብራሪው መቆለፊያውን ከለቀቀ የገዛ ክብደታቸውና ከፊት የሚመጣው ነፋስ ጎትተው ያወርዷቸዋል። ሞተሮቹ ከጅራቱ አካባቢ ከፍ ብለው፣ አንዱ ከሌላው ተራርቀው ተሰቅለዋል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላውን እንዳያቃጥለው፣ አውሮፕላኑ በሆዱ ቢያርፍም መሬት እንዳይነኩ። አብራሪው የተቀመጠው 540 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን የታይታኒየም ገንዳ ውስጥ ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መሪው ነው። ክንፉንና ጅራቱን የሚያንቀሳቅሰው በዘይት ግፊት የሚሠራው ሃይድሮሊክ ሁለት መስመር አለው። ሁለቱም ቢበጠሱ አብራሪው አንድ ማብሪያ ገልብጦ በሽቦ ገመድና በመዘውር፣ በክንዱ ጉልበት ብቻ አውሮፕላኑን ይመራል። በጄት ዘመን እንደ ድሮው በገመድ መምራት ኋላቀርነት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ገመዱን ያስገቡት መሐንዲሶች ግን ሃይድሮሊኩ አንድ ቀን እንደሚፈስስ ያውቁ ነበር።

ያ ቀን በሚያዝያ 7 ቀን 2003 ባግዳድ ላይ መጣ። ኪም ካምቤል የተባለች የአሜሪካ አየር ኃይል ሻምበል የምታበረው ኤ-10 ከኋላው ተመታ፤ ሁለቱም የሃይድሮሊክ መስመሮች ባዶ ሆኑ፤ አውሮፕላኑ ወደ ከተማዋ አዘቀዘቀ። ካምቤል ወደ ገመዱ ቀየረች፤ አውሮፕላኑ ታዘዘላት፤ ለአንድ ሰዓት ያህል በክንዷ እየታገለች ወደ ጦር ሰፈሯ ተመልሳ አረፈች። ጅራቱና ከኋላ ያለው አካሉ በመቶ በሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ነበር። በ2017 ደግሞ በሚቺጋን ግዛት በልምምድ ላይ የነበረ ሌላ ኤ-10 የገዛ መድፉ ተበላሽቶ ጉዳት አደረሰበት፤ የአብራሪው የመስታወት ክዳን በረረ፤ የፊት ጎማውም አልወርድ አለ። አብራሪው ጎማዎቹን ሁሉ አጥፎ በሆዱ አረፈና ያለ ጉዳት ወረደ። ያ በከፊል የወጣ ጎማ ከ40 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከአድማጮቼ አንዱ «ይህማ የአብራሪዎቹ ችሎታ እንጂ የብረቱ አይደለም» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። ሙግቱ ተራ አይደለም፤ በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሌላ የኤ-10 አብራሪ ክፉኛ የተጎዳ አውሮፕላኑን በዚሁ በገመድ መንገድ ለማሳረፍ ሲሞክር ሕይወቱ አልፏል። ገመዱ ዋስትና አይሰጥም። ነገር ግን ገመዱ ባይኖር ካምቤል ችሎታዋን የምታሳርፍበት ነገር አይኖራትም ነበር፤ ከመዝለል ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ችሎታ የሚሠራው ንድፉ በተወለት ቦታ ውስጥ ነው። ይህን ከምንም በላይ የሚያሳየው በግንቦት 1 ቀን 1983 በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ላይ የሆነው ነው። ዚቪ ነዲቪ የተባለ አብራሪ የሚመራው ኤፍ-15 በልምምድ ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጨና ቀኝ ክንፉ ከሥሩ ተገነጠለ። ከክንፉ ሥር የሚረጨው ነዳጅ እንደ ጉም ስለጋረደው ነዲቪ ክንፉ መጥፋቱን ያየው ካረፈ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢያየው ኖሮ ዘልሎ እንደሚወጣ ራሱ ተናግሯል። ያረፈው ከተለመደው ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት፣ በሰዓት 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የቆመውም ከመንደርደሪያው ጫፍ 6 ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። ጀግንነት ነው፤ አያጠያይቅም። ግን አውሮፕላኑን በአንድ ክንፍ ያቆመው ምንድን ነው? የኤፍ-15 አካል ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ አካሉ ራሱ እንደ ክንፍ ነፋስ ላይ ይደገፋል። ቀጭን ቱቦ የመሰለ አካል ባለው አውሮፕላን ላይ ያው አብራሪ፣ በዚያው ችሎታና በዚያው ልበ ሙሉነት፣ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።

«የአብራሪ ስሕተት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ንድፍ የሠራውን ጥፋት ሰው ሲሸከም የኖረበት ቃል ነውና ትንሽ ልቆይበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን የቢ-17 አብራሪዎች ከበረራ በደኅና ተመልሰው፣ መንደርደሪያው ላይ አርፈው ሲያበቁ፣ በድንገት ጎማውን ያጥፉትና አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛ ነበር። አንድ ሰው ቢሆን ሞኝ ወይም ደካማ ሊባል ይችላል፤ ነገሩ ግን ደጋግሞ በብዙ ሰዎች ላይ ደረሰ። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት የሥነ ልቡና ባለሙያ ጉዳዩን እንዲያጠና ታዘዘና የአብራሪውን ክፍል ገብቶ አየ። የጎማው ማብሪያና ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው የፍላፕ ማብሪያ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ መልካቸውም አንድ ዓይነት ነበር። የደከመ ሰው ፍላፑን አጥፋለሁ ብሎ ጎማውን ያጥፋል። ቀደም ብለን ያነሣነው ሲ-47 ሁለቱ መቆጣጠሪያዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ የበረሩት ግን ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ አብራሪዎች ናቸው። የቻፓኒስ መፍትሔ ርካሽ ነበር፤ በጎማው እጀታ ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ በፍላፑ እጀታ ላይ የክንፍ ቅርጽ ማድረግ ብቻ፤ እጅ በጨለማም ይለየዋል። በ1947 ፊትስና ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች 460 «የአብራሪ ስሕተቶችን» መርምረው ግማሽ ያህሉ አንዱን መቆጣጠሪያ ከሌላው በማምታታት የመጡ ሆነው አገኟቸው። ዛሬ በየትኛውም ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ኮክፒት ብትገቡ የጎማው እጀታ ጫፍ ክብ ጎማ ይመስላል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከመሬት ወደ ውኃ እንሂድ፤ እዚያ ንድፍ የሚያመጣው ልዩነት ይበልጥ ገሃድ ይወጣል። ቢ-17ና ቢ-24 ሁለቱም ባለ አራት ሞተር አሜሪካውያን ቦምብ ጣዮች ናቸው፤ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ጦርነት፣ በአንድ ዓይነት ሠልጣኞች ነው የበረሩት። ነዳጅ አልቆባቸው ባሕር ላይ ሲያርፉ ግን ዕጣቸው ተለያየ። የቢ-17 ክንፍ ከአካሉ በታች በኩል ስለተተከለ ውኃው ላይ እንደ ታንኳ ደግፎ ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። የቢ-24 ክንፍ ወደ ላይ ስለሆነ ሰዎቹ ያሉበት አካል ቀድሞ ይጠልቃል፤ የቦምብ ማጠራቀሚያው በሮችም እንደ ሱቅ መዝጊያ ወደ ላይ የሚጠቀለሉ ስስ ነበሩ፤ ውኃው ሲመታቸው ወዲያው ተደረመሱ። ጉዳዩ እጅግ ስላሳሰበ የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም በመስከረም 1944 በቨርጂኒያ በጄምስ ወንዝ ላይ አንድ እውነተኛ ቢ-24 ሰዎች እያበረሩት ሆን ብሎ አሳርፎ አጠና። እኛ ይህን ስንሰማ ኅዳር 1996 ትዝ ማለቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠልፎ ነዳጁ አልቆ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው፣ ካፒቴን ልዑል አባተ በኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ሞተር በሌለበት አውሮፕላኑ መሪውን ያልነሣው በነፋስ የምትሽከረከር ትንሽ ተርባይን ከሆዱ ወጥታ ኃይል ስለምትሰጥ ነው፤ ይህ ንድፍ ነው። የግራ ሞተሩና ክንፉ ቀድመው ውኃውን ነክተው አውሮፕላኑ መሰባበሩም ከንድፍ ወሰን የመጣ ነው፤ ከክንፍ በታች የተንጠለጠለ ሞተር በውኃ ላይ መልሕቅ ይሆናል። ከግጭቱ ተርፈው የነበሩ ሰዎችም ተንሳፋፊ ጃኬታቸውን ገና በውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው ውኃው ወደ ጣሪያው ገፍቷቸው መውጫ አጥተው ሞቱ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ካፒቴን እጅ፣ በአንድ ማረፍ ውስጥ ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ተቃውሞ ራሴ ላንሣ። እስካሁን የጠራኋቸው አብዛኞቹ የተረፉ ሰዎች ናቸው፤ ካምቤልም፣ ነዲቪም፣ ስታፕም። የተረፈውን ብቻ ቆጥሮ «ይህ ንድፍ ያተርፋል» ማለት ደግሞ የታወቀ ወጥመድ ነው። ወጥመዱን በሚገባ ያሳየው አብርሃም ዋልድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ነው። ናዚዎችን ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ዋልድ በ1943 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከሚሠሩ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በጥይት የተበሳሱ ቦምብ ጣዮችን ጥያቄ አጠና። በእጃቸው የነበረው መረጃ የተመለሱት አውሮፕላኖች ብቻ ነው። ዋልድ ከዚያ መረጃ ያልተመለሱትን አሰበ፤ በተመለሱት ላይ ብዙ ቀዳዳ የታየበት ክፍል ተመትቶም የሚያስበር ክፍል ነው፤ ቀዳዳ ያልታየበት ክፍል ግን የተመታባቸው አውሮፕላኖች አልተመለሱም፤ ጋሻ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። በዚህ መመዘኛ የእኔ ክርክር የኤ-10ን ገድል በመተረክ ብቻ አይቆምም። ስለዚህ የሞቱትም የተቆጠሩበትን ማስረጃ ማቅረብ አለብኝ። የቢ-17ና የቢ-24 ንጽጽር አንዱ ነው፤ የሲ-47 ማብሪያ ሁለተኛው ነው። የሚበልጠው ሦስተኛው ማስረጃ ግን ሄሊኮፕተር ላይ ነው።

በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ምድር ጦር ሐኪሞች የወደቁ ሄሊኮፕተሮችን ስብርባሪ ሲመረምሩ የሚያንገበግብ ነገር አገኙ። ከሟቾቹ ብዙዎችን የገደላቸው ውድቀቱ አልነበረም። አጥንታቸው ሳይሰበር፣ ቀበቷቸውን ለመፍታት ሲታገሉ፣ ከተቀደደው ማጠራቀሚያ የፈሰሰው ነዳጅ ተቀጣጥሎ ነው የሞቱት። መፍትሔው የሚታጠፍ ግን የማይቀደድ የጎማ ጨርቅ ማጠራቀሚያ ሆነ፤ ቧንቧዎቹም ሲጎተቱ ሆን ተብሎ በተዘጋጀ ቦታ ላይ ተበጥሰው ወዲያው የሚዘጉ ተደረጉ። ይህ ከ1970 ጀምሮ ሂዩ በተባሉት ሄሊኮፕተሮች ላይ ሲገባ፣ ከግጭቱ መትረፍ በሚቻልባቸው ውድቀቶች ተቃጥሎ መሞት ከሞላ ጎደል ጠፋ። እዚህ ጀግና የለም፤ አብራሪዎቹ ያው ናቸው፤ ሄሊኮፕተሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የነዳጁ ቤት ብቻ ነው። ከዚያ በ1974 ምድር ጦሩ ለአዳዲስ ሄሊኮፕተሮች መለኪያ አወጣ፤ በሰከንድ 12.8 ሜትር ቁልቁል ወርዶ መሬት ለሚመታ ሄሊኮፕተር ሰዎቹ መትረፍ አለባቸው የሚል። ይህ ከ8 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ከሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። ብላክ ሆክ የተባለው ሄሊኮፕተር በዚህ አስተሳሰብ ተነደፈ። መጀመሪያ ረጅሙ የጎማ እግር ይታጠፋል፤ ቀጥሎ ወለሉ ይጨማደዳል፤ በመጨረሻ መቀመጫው በሐዲዱ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ታች እየተንሸራተተ የቀረውን ኃይል ይበላል። ያ ቁልቁል ፍጥነት በ5 ሳንቲ ሜትር ቢቆም ግፊቱ ከሰውነት ክብደት 160 እጥፍ ያልፋል፤ በግማሽ ሜትር ሲቆም 17 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

«ተዋጊ ጄት አብራሪውን የሚያስፈነጥር መቀመጫ ካለው ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉም አሉ። የዚያ መቀመጫ ታሪክ ራሱ ከአንድ ያልተሳካ ማረፍ ይጀምራል። በመስከረም 1942 የእንግሊዙ ማርቲን-ቤከር ኩባንያ መሥራች ከነበሩት አንዱ ቫለንታይን ቤከር አዲስ አውሮፕላን ሲሞክር ሞተሩ ቆመና በግድ ለማረፍ ሲታገል ሞተ። ሐዘኑ የባረደለት የማይመስለው ባልደረባው ጄምስ ማርቲን ቀሪ ዘመኑን አብራሪ ለማዳን ሰጠ፤ የኩባንያው መቀመጫዎች እስካሁን ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን አድነዋል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን መቀመጫው ሲተኮስ አከርካሪ ሊሰብር ይችላል፤ በሕይወት ወጥቶ ከዚያ በኋላ መብረር የማይችል አብራሪም አለ። ጭነት የሚያጓጉዝ አውሮፕላን፣ ቁስለኛ የጫነ ሄሊኮፕተር፣ ከኋላ 20 ወታደር የተቀመጠበት ሁሉ እንዲህ ያለ መቀመጫ የለውም። ከታች ከተማ ካለ ደግሞ የተለቀቀው አውሮፕላን የሰው ቤት ላይ ይወድቃል። መቀመጫው የመጨረሻው በር ነው፤ ቤቱን ግን በበሩ ብቻ አይሠሩትም።

የክብደትና የወጪው ተቃውሞ ከዚህኛው የበለጠ ያሳስበኛል። እያንዳንዱ ኪሎ ጋሻ ከነዳጅ ወይም ከመሣሪያ ላይ ይቀነሳል፤ ከጠላት በፍጥነት ማምለጥም ራሱ መትረፊያ ነው። ከራዳር የሚሸሸግ ዘመናዊ ጄት ግማሽ ጎማውን አውጥቶ ሊበር አይችልም፤ ራዳሩ ያየዋል። በጥር 2022 የደቡብ ኮሪያ ኤፍ-35 ወፍ ገብታበት ጎማው አልወርድ ስላለ በሆዱ አረፈ። አብራሪው ምንም አልሆነም፤ አውሮፕላኑ ግን የሚጠገንበት ዋጋ አዲስ ከሚገዛበት በልጦ ስለተገኘ እንዲወገድ ተወሰነ። ይህ ለተቃዋሚዎቼ ማስረጃ ይመስላል፤ እኔ ግን በሌላ በኩል አየዋለሁ። ኤፍ-35 አብራሪውን አተረፈ፤ ኢል-2 አብራሪውንም አውሮፕላኑንም ያተርፍ ነበር። የትኛውን ማጣት እንችላለን የሚለውን ነዳፊው አስቀድሞ መወሰን ነበረበት፤ ወስኗልም። ደግሞም ከተቆጠሩት መፍትሔዎች ብዙዎቹ ክብደት የላቸውም። በእጀታ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ የጎማ ቅርጽ ምን ትመዝናለች? ጎማን ወደ ኋላ ከማጠፍ ይልቅ ወደፊት ማጠፍስ ምን ያስከፍላል? የሚያስፈልገው ጥያቄውን በጊዜው መጠየቅ ነው።

ይህን ያህል የምከራከረው ጉዳዩ በወታደሩ ላይ ስለማይቆም ነው። የማይቀደደው የነዳጅ ማጠራቀሚያ በ1970 በጦር ሄሊኮፕተር ላይ መሥራቱ ታወቀ። በሲቪል በኩል አሜሪካ በ1994 ለአዳዲስ ዓይነት ሄሊኮፕተሮች ግዴታ አደረገችው፤ ከዚያ በፊት የጸደቀ ንድፍ ያላቸው ግን ከፋብሪካ አዲስ ሆነው ሲወጡ እንኳ ከግዴታው ነፃ ነበሩ። ጎብኚ የጫኑ፣ በሽተኛ የጫኑ ሄሊኮፕተሮች ሰው ሊተርፍበት ከሚችል ውድቀት በኋላ ተቀጣጠሉ። ሕጉ የተለወጠው በ2018 ነው፤ አዲስ የሚመረት ሄሊኮፕተር ሁሉ በአሜሪካ ይህ ማጠራቀሚያ እንዲኖረው የሚያስገድደው ድንጋጌ የጸናው ደግሞ በሚያዝያ 2020 ነው። የቬትናሙ ወታደር ያገኘውን መንገደኛው እስኪያገኝ 50 ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ቀን በፊት የተሠሩትም ዛሬ ድረስ እየበረሩ ናቸው።